ልጅ ማንበብ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ንባብ አስጠናለሁ። ክረምት ሲመጣ ቤቴ በልጅ ይሞላል። ስህተቱ ግን ዓመት ዓመት ያው ነው።

ወላጆች «ሀ ሁን ጨርሷል» ብለው ያመጡልኛል። ልጁ እስከ ፐ ያወርደዋል፣ ትንፋሽም አይወስድ። ከዚያ «ሚ»ን በጣቴ አሳየዋለሁ። ዝም። ቆይቶ በለሆሳስ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብሎ ይደርስባታል። የያዘው ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ በዜማ ፈልጎ ንባብ የለም። የኔታዎቹ ይህ ገብቷቸዋል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ተራው ስለሚዘበራረቅ በዜማ ማምለጥ አይቻልም። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስዘምር ኖሬያለሁ። አሁን ፊደሎቹን በማካሮኒ ካርቶን ላይ ጽፌ፣ ቆራርጬ፣ ምንጣፉ ላይ እበትናቸዋለሁ።

ደሜን የሚያፈላው ግን ይሄ ነው፦ «አማርኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፣ እንግሊዝኛ ላይ ይሰንፋል።» ኧረ በፈጠራችሁ! አማርኛ ላይ «በ» የትም ብትገባ «በ» ናት። እንግሊዝኛ ላይ «ኤ» የምትባለው አንዲት ፊደል «ካት» ላይ «ኣ»፣ «ኬክ» ላይ «ኤ»፣ «ቦል» ላይ «ኦ» ትሆናለች። «ናይፍ» ሲጻፍ ደግሞ ፊት ላይ የማትነበብ «ኬ» ተገትራለች። በፈረንጆቹ 2003 የታተመ፣ የ13 የአውሮፓ ቋንቋዎችን ጀማሪ አንባቢዎች ያነጻጸረ ጥናት አለ። አንደኛ ዓመት ሲያልቅ የፊንላንድ ልጆች ከተለመዱ ቃላት 98 በመቶውን አነበቡ። በእንግሊዝኛ የሚማሩት የስኮትላንድ ልጆች 34 በመቶውን። በገዛ አፍ መፍቻቸው! በዕድሜ ያንሱ ነበር እንበል፤ ይህን ያህል ልዩነት ዕድሜ ብቻውን አያመጣውም። እና የእኛን ልጅ፣ ቤቱ እንግሊዝኛ የማይሰማውን፣ በቀበቶ?

ኮምቦልቻ ሳስጠና ከከሚሴ የመጣች ልጅ ነበረችኝ። ንባብ የጀመረችው በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። «ካት» የሚለውን «ጨት» ብላ አነበበችው። ልጆቹ «ጫት አለች!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ፤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ቁቤ ላይ «ሲ» የምትባለው ፊደል «ጭ» ናት፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። ልጅቷ የተማረችውን ሕግ ሳታዛንፍ ነው የሠራችበት። «ተሳሳትሽ» ሳይሆን «እዚህኛው ቋንቋ ላይ ሌላ ድምፅ አላት» ነው የሚባለው።

የጠበቀውን አላልቶ ቢያነብም አትቆጡት። ቁቤ ድምፁ ሲጠብቅ ፊደሉን ይደግማል፤ የኛ ግን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነኝ» የሚለው፣ ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ በምን ይወቅ? ይጨርስና ይመለስበት።

«ፀሐይ»ን በ«ጸ» ጻፈ ብሎ ከጀማሪ ልጅ ነጥብ መቁረጥ፣ እባካችሁ ተዉት። አንድ አባት ደብተር ይዞ መጥቶ «ሠላም» በንጉሡ «ሠ» ነው ብሎ ግማሽ ሰዓት ሞገተኝ። ማታ በቴሌግራም «ሰላም እደሪ» ብሎ ላከልኝ። በእሳቱ «ሰ»።