የድሮ ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል ፓወር ቫልቭ፦ አሠራሩ፣ እጥበቱና አስተካከሉ

በቱ ስትሮክ ሞተር የጭስ መውጫውን ቀዳዳ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ፒስተኑ ነው። ቀዳዳው ከፍ ብሎ ከተሠራ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ጉልበት ያገኛል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ቱቦ) ይሾልካል። ዝቅ ብሎ ከተሠራ ደግሞ ከታች ጥሩ ይጎትትና ላይ ሲደርስ ይታፈናል። ፓወር ቫልቭ ይህን ቀዳዳ እንደ ዙሩ ዝቅና ከፍ ያደርገዋል። ያማሃ በ1977 እ.ኤ.አ. በ500 ሲሲ የውድድር ሞተሩ ላይ አዋለው፤ በኋላም ወደ ዋይዜድ (YZ) እና ዲቲ (DT) ሞተር ሳይክሎቹ አወረደው። በአየር የሚቀዘቅዙት የድሮዎቹ ዲቲ 125 እና 175 ይህ ክፍል የላቸውም፤ እነሱ ላይ አትፈልጉት።

አዲስ አበባ ውስጥ ቫልቩን ቶሎ ቶሎ የሚያስነክሰው (የሚያጣብቀው) ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩም በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለቆላ የተመጠነው ሜን ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ሳይነካ ከቀረ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይት ሳይነድ ቀርቶ ጥቀርሻ ይሆናል፣ ጥቀርሻው ቫልቩን ያጣብቀዋል። ጄቱን ሳይቀይሩ ቫልቩን ብቻ ማጠብ ገንዘብና ጊዜ መጣል ነው፤ ጥቀርሻው ተመልሶ ይመጣል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የቫልቩ መሆኑን አረጋግጡ። ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ከታች ደህና ይሄድና ዙሩ ሲጨምር አንድ ነገር ከኋላ የያዘው ይመስላል። ተከፍቶ ከቀረ ሲነሳ ይሰንፋል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ድንገት ይፈናጠራል። ሰርቮ ሞተር (ቫልቩን በገመድና በፑሊ የሚያዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ባላቸው እንደ ዲቲ 125 አር ባሉት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ስትከፍቱ በአብዛኛው ሰርቮው ‘ዝዝዝ’ ብሎ ፑሊውን እስከ ጥግ ወስዶ ይመልሰዋል። ድምፅ ከሌለ ወደ ቫልቩ ከመሄዳችሁ በፊት ባትሪውን ለኩ፤ ከ12 ቮልት በታች ከሆነ ሰርቮው አቅም ያጣል። ድምፅ እያለ ፑሊው ካልዞረ ግን ወይ ገመዱ ተበጥሷል ወይ ቫልቩ ነክሷል።

ለማጽዳት ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የማርሚታውን ሞላዎች በመንጠቆ ሳቡና ማርሚታውን አውጡ፤ በቀዳዳው በኩል ቫልቩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ገመዶቹን ከመፍታታችሁ በፊት የፑሊውን አቀማመጥ በቀለም ምልክት አድርጉበት ወይም ፎቶ አንሱት። በብዙ ያማሃዎች ቫልቩ በብሎን የተያያዘ ሁለት ግማሽ ስለሆነ ብሎኑን ፈትታችሁ ግራና ቀኝ ታወጡታላችሁ። እምቢ ካለ በመዶሻ አትምቱት፤ ነጭ ጋዝ አፍስሱበትና ይደር። ኦሪንጎቹን (የጎማ ቀለበቶቹን) አውጡ፣ ቫልቩን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ጥቀርሻውን በእንጨት ወይም በነሐስ ብሩሽ ፋቁ። የብረት ካቻቢቴና የብርጭቆ ወረቀት አሉሚኒየሙን ይቧጭሩታል፤ የተቧጨረው ቦታ ደግሞ ጥቀርሻን ከበፊቱ የበለጠ ይይዛል። ለአዲስ ኦሪንግ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ለናሙና ያዙ፤ ሙቀት የሚችል መሆኑንም ጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሞተር የሚያበላሽ ነገር አለ። ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ተደርጎ (ውስጡ ተፍቆ ሰፍቶ) ትልቅ ፒስተን ከገባበት የሲሊንደሩ ግድግዳ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ቫልቩ ግን በቦታው ስለሚቀር ጫፉ ወደ ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ያኔ የፒስተኑን ፋሻ (ሪንግ) ይመታና ሲሊንደሩን ይቀድዳል። ከሬቲፊካ በፊት ቫልቩ ይውጣ። ከተሠራ በኋላ በቫልቩና በፒስተኑ መካከል ከግማሽ ሚሊሜትር ያላነሰ ክፍተት መኖሩን በስፔሶሜትር (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ለኩ፤ ካነሰ የቫልቩ ጫፍ በልኩ ይሞረድ። ስትገጥሙም ቫልቩን እስከ ታች ዘግታችሁ ሞተሩን በማስነሻው በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ትንሽ እንኳ ከነካ ወይም ከጎረበጠ አታስነሱት።

አሁን የገመዱ ማስተካከያ። የሁለቱን ገመዶች መቆለፊያ ዳዶ አላሉ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሰርቮው ዞሮ እስኪያርፍ ጠብቁ። በፑሊው ላይ ያለው ቆረጥ ያለ ምልክት ከሲሊንደሩ ምልክት ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ አንዱን ገመድ እያላላችሁ ሌላውን በዚያው መጠን አጥብቁ። ሁለቱም ገመዶች እኩል ጥቂት ልቅነት ይኑራቸው፤ ሁለቱም ከተወጠሩ ሰርቮው ያለ እረፍት ይታገልና ይቃጠላል፣ በጣም ከላሉ ቫልቩ ይንኳኳል። ዳዶዎቹን ቆልፉና ቁልፉን ደጋግማችሁ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

እንደ ዋይዜድ ባሉት ሰርቮ የለም፤ በዙሩ ኃይል ወደ ውጭ የሚገፉ ኳሶች ሞላን አሸንፈው ቫልቩን ይከፍታሉ። ሞላው በጠነከረ ቁጥር ቫልቩ ይዘገያል፣ በላላ ቁጥር ቀድሞ ይከፈታል። ከዘገየ በመካከለኛው ዙር ጉድጓድ ይፈጠርና ድንገት ይመታል፤ ከቀደመ መካከሉ ይለሰልሳል። ማስተካከያ ካለው በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አትንኩ። በከፍታው ምክንያት ሞላውን መቀየር አያስፈልግም፤ በማርሚታው ውስጥ የሚመላለሰው ሞገድ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከጭሱ ሙቀት ነው፣ የአየሩ መሳሳት አይወስነውም።

ሜን ጄቱን ከፋብሪካው ቁጥር ከ5 እስከ 10 በመቶ አሳንሱ፤ 180 ከነበረ በ170 ጀምሩ። ዘይት የቱ ስትሮክ ብቻ ይሁን፤ የመኪና ዘይት አመድ ይተዋል። የዘይት ፓምፕ ባለው ሞተር ታንከር ውስጥ ዘይት አትጨምሩ፤ ፓምፕ የሌለውና 32 ለ1 የሚጠይቅ ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 31 ሚሊሊትር ይበቃል።

ለሙከራ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለው ዳገት ይሻላል። በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ሙሉ ሰጥታችሁ ውጡና ላይ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ ካንዴላውን ፍቱ። ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ ወዲያው ትልቁን ጄት መልሱ። ወደ አዳማ ወይም 1,000 ሜትር አካባቢ ወዳለችው አዋሽ የምትወርዱ ከሆነም ትልቁ ጄት ከመነሳታችሁ በፊት ይግባ፤ ለአዲስ አበባ የተመጠነው ቆላ ላይ ፒስተን ያስነክሳል።