ድመት ላለበት ቤት የሹራብ ክር አያያዝ

ድሬዳዋ ላይ የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል በረንዳ ወጥታችሁ ሹራብ ወይም ዳንቴል የምትሠሩና ድመት ያላችሁ ሁሉ፣ የክሩን ጥቅል ባዶ የ5 ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ሥሩ። ፕላስቲኩን ወገቡ ላይ ቆርጣችሁ ጥቅሉን ካስገባችሁ በኋላ ቁራጩን በፕላስተር መልሳችሁ አሽጉት፤ የክሩን ጫፍ ግን ልሙጥ በሆነው አፉ በኩል አውጡት። ድመትን ለአደን የሚያነሣሣት እንቅስቃሴ በመሆኑ፣ ጥቅሉ መሬት ላይ መንከባለሉን ሲያቆም ጉጉቷ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የድሬ አሸዋም ክሩን አያገኘውም። ጸጉራም ክር ግን በጠባብ አፍ ሲያልፍ ስለሚያያዝ ይህ ዘዴ አይስማማውም።

ከክሩ መበላሸት ይልቅ የሚያሳስበው የድመቷ ጤና ነው። ምላሷ ላይ ያሉት ጥቃቅን እሾሆች ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ስለሆኑ አፏ የገባውን ክር ለመትፋት ትቸገራለች፤ የተዋጠ ክር ደግሞ አንጀቷን ሸብሽቦ ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ስታቆሙ፣ መርፌው ላይ ያለውን ጭምር ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ብታዩ ፈጽሞ ሳትጎትቱ በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።