የማዳበሪያ አቤቱታ ሰሚ እንዳያጣ፦ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

በጎጃም ማዳበሪያ በዘገየ ቁጥር ሕዝብ እሪ ይላል። እውነቱ ከገበሬው ጋር ሆኖ ሳለ፣ አቤቱታው ውሳኔ ሳያስለውጥ የሚበተነው አብዛኛውን ጊዜ በአቀራረቡ ነው።

ዘር ሲደርስ መጮህ። ሜጫ ወይም ቡሬ ላይ በቆሎ ሲዘራ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ አብሮ መግባት አለበት፤ ዩሪያው ቡቃያው ካደገ በኋላ ይደገማል። ማዳበሪያው ግን በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው። ሰኔ ላይ የተነሣ ጩኸት የሚያፋጥነው መጋዘን ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የቀበሌው ፍላጎት ሲመዘገብ ቁጥሩን ተከታተሉ፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ምን ያህል እንደገባ ጠይቁ።

የማይወስን ሰው ደጅ መጥናት። የቀበሌ ሊቀ መንበር መርከብ አያስመጣም። መጀመሪያ ችግሩን ለዩ። ለወረዳው የተመደበው ካነሰ ጥያቄው የዞንና የክልል ግብርና ነው። ማዳበሪያው የዩኒየኑ (የገበሬ ማኅበራት ኅብረት) መጋዘን ደርሶ ካልተጓጓዘ ዩኒየኑንና ወረዳውን ጠይቁ። የቀበሌው መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ደርሶ በዘመድ ከተከፋፈለ የስርጭት መዝገቡ በሕዝብ ፊት ይነበብ።

«መንግሥት ያስብልን» ብሎ መጻፍ። ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ባለሥልጣኑ «እያሰብን ነው» ብሎ ይሸኛችኋል። ቁጥር ጻፉ። ለምሳሌ 300 አባወራ በአማካይ 4 ቃዳ፣ ማለትም 1 ሄክታር ቢያርስና ለሄክታር 2 ኩንታል ቢያስፈልገው፣ ጠቅላላው 600 ኩንታል ወይም ባለ 50 ኪሎ 1,200 ከረጢት ነው። የገባው 350 ኩንታል ከሆነ «የጎደለው 250 ኩንታል እስከ ሰኔ 5 ይግባልን» ይባላል። የ1960ው የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ የሚፈልገው አንድና ግልጽ ነበር። ብዙ ሕይወት ቢከፈልበትም ጠቅላይ ገዥው ተነሥተዋል፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰርዟል።

በቃል ተናግሮ መመለስ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙት። ግልባጩን ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስጡ። መልስ ከጠፋ የአስተዳደር በደል አቤቱታ የሚቀበለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ እዚያ የሚጠይቋችሁ ያንን ማኅተም ያለበትን ቅጂ ነው።

ሳያሳውቁ አደባባይ መውጣት። አቤቱታ ማቅረብም ሆነ ያለ መሣሪያ በሰላም መሰለፍ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ግን ዓላማው፣ ቦታው፣ ሰዓቱና የአዘጋጆቹ ስም ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይገለጻል። የገበያ ቀን ገበያው መሐል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሆስፒታል አጠገብ አይመረጥም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለ መብቱ ሊገደብ ስለሚችል አስቀድማችሁ አጣሩ። አንድ ድንጋይ ከተወረወረ ጉዳዩ ከግብርና ወደ ጸጥታ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኩንታል የሚያወራ አታገኙም።

አንድ ሰው ብቻ መላክ። አንድ ሰው በማስፈራራትም በጥቅምም ይሰበራል። አምስት ሆነው ይግቡ፤ ባል የሌላት እማወራም ትኑርበት፣ ወረፋው ላይ በብዛት የምትገፋው እሷ ናትና።

ቃል ሲገባ መበተን። ስብሰባው ሳያልቅ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፦ ስንት ኩንታል፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ኃላፊ እንደሆነ። ከሁለቱም ወገን ይፈረም። በተባለው ቀን ማለዳ ሁለት ሰው መጋዘኑ በር ላይ ተገኝቶ የሚወርደውን ከረጢት ይቁጠር።