ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት በሕጉ መሠረት እንዴት ታከራያላችሁ?

እህቴ ቀበና ውስጥ አንድ ግቢ አላት። ትልቁ ቤት ውስጥ እናታችን ትኖራለች። ከጀርባ ደግሞ አንዲት ሰርቪስ አለች፤ አራት ሜትር በሦስት ተኩል፣ የራሷ በርና መስኮት ያላት። እህቴ የምትኖረው ጣሊያን ስለሆነ ክፍሏን የማከራየው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ተከራይ ያስገባሁት በቃል ነበር። አምስት ወር ሳይከፍል ቆየ። ወረዳ ሄጄ ልከስ ስል ውልም የለኝ፣ ውክልናም የለኝ። "አንተ ለቤቱ ምኑ ነህ?" ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ተማርኩት። ውጭ ያላችሁ ባለቤቶችም፣ እዚህ ያላችሁ ወኪሎችም እንደኔ እንዳትቸገሩ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ካርታውን አውጡና እዩ። ካርታው በማን ስም ነው? ሰርቪሷስ በፕላኑ ላይ አለች ወይስ በኋላ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተቀጠለች ናት? መሃል ከተማ ላይ ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ ብዙዎቹ ትንንሽ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ነው። ሃምሳ ዓመት ብትኖሩበት እንኳ ለሌላ ሰው ማከራየት አትችሉም፤ ቤቱን ሊያሳጣችሁ ይችላል። ቤቱ የአባት የእናት ውርስ ከሆነም መጀመሪያ ስሙን ማዞር፣ ወይም የወራሾችን ሁሉ ስምምነት መያዝ ነው።

ባለትዳር ከሆናችሁ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ቁጥር 213/1992) የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ባልም ሚስትም ውክልናው ላይ ይፈርሙ።

ቀጥሎ ውክልና ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። ውክልናው የሚፈረመው ባላችሁበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው። ዋናው ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ ወኪላችሁ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስዶ ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይወስደዋል። በስልክ የተላከ ፎቶ አይሠራም፤ ዋናውን በፖስታ ወይም በሚመጣ ሰው ላኩት።

የሚጻፈው ቃል ደግሞ ወሳኝ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትንና ዕዳ መሰብሰብን ከተራ የአስተዳደር ሥራ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ በጠቅላላ ውክልናም ማከራየት ይቻላል። ክስ መመስረትና መከላከል ወይም መታረቅ ግን በግልጽ ካልተጻፈ ወኪሉ አያደርገውም። ተከራይ አልከፍልም ሲል ነው ይሄ የሚቆጨው። እኔ የምመክረው እያንዳንዱን በስሙ ማስጻፍ ነው፦ ማከራየት፣ የኪራይ ውል መፈረምና ማስመዝገብ፣ ኪራይ መቀበል፣ ግብር መክፈል፣ ቤቱን ማሳደስ፣ መክሰስና መከሰስ። መሸጥ መለወጥ የሚለውን ግን ለኪራይ ብላችሁ አታስገቡት። ወኪላችሁ የእናታችሁ ልጅ ቢሆንም አያስፈልገውም፤ እኔም እህቴን እንዳታስገባው የነገርኳት ራሴ ነኝ።

ስምም አረጋግጡ። የእህቴ አያት ስም ካርታው ላይ "ገብረሥላሴ" ተብሎ ተያይዟል፣ ፓስፖርቷ ላይ ተነጣጥሎ ነው የተጻፈው። በዚህች ክፍተት ብቻ ውክልናው ተመልሶ ጣሊያን ሄደ፤ ስንት ሳምንት አባከነብን። ኤምባሲ ከመሄዳችሁ በፊት ካርታውን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩት።

ወረቀቱ ሲስተካከል ወደ ውሉ ትሄዳላችሁ። አሁን የሚገዛን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በእሱ መሠረት ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ስድስት ወር አምጣ ማለት ቀርቷል። ኪራዩም በእጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ይሄኛው ውጭ ላለ ሰው ትልቅ እረፍት ነው፤ እህቴ አሁን እኔን ሳትጠይቅ ገንዘቡ መግባቱን ራሷ ታያለች።

ሕጉ የማይነካቸውን የግቢ ጉዳዮች እናንተ ጻፏቸው። ሰርቪስ ማለት አብሮ መኖር ነው። ቆጣሪው አንድ ከሆነ የመብራት ካርዱን ማን ይሞላል፣ ስንት ያዋጣል? ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ከሮቶው ተከራዩ ይቀዳል ወይ? ሽንት ቤቱ የጋራ ነው? የግቢው በር ስንት ሰዓት ይቆለፋል? እኛ የመጨረሻውን ባለመጻፋችን ማታ የምትሠራ ነርስ ተከራይታ እናቴ ሌሊት እየተነሳች በር ስትከፍት ከረመች። ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም። ቁልፍ ቀርጸን ሰጠናት፤ ውሉ ላይም ገባ።

ውሉ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ቤቱ ባለበት ወረዳ ይመዘገባል። ወኪሉና ተከራዩ አብረው ይሂዱ፤ መታወቂያ፣ የካርታ ኮፒና የተረጋገጠ ውክልና ይያዙ። "ግብር ይበዛብኛል" ብላችሁ ከትክክለኛው ኪራይ ያነሰ ቁጥር እንዳትጽፉ። ጭማሪ የሚፈቀደው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። መነሻው የተመዘገበው ዋጋ ስለሆነ ዛሬ የቀነሳችሁት ነገም ይከተላችኋል።

ግብሩን በተመለከተ፣ ባለቤቷ ውጭ ብትኖርም ገቢው የተገኘው እዚህ ስለሆነ የሚከፈለው እዚህ ነው። የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ "ለ" ይታያል። ለግለሰብ ደረጃ በደረጃ እያደገ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። በባለቤቷ ስም ቲን ቁጥር ይወጣል፣ ወኪሉ በየዓመቱ ያስታውቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃልና ደረሰኞቻችሁን ከዚያ በፊት ሰብስቡ። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩም ውዝፍ አይኑርበት።

በቀን ወይም በሳምንት ለእንግዳ ማከራየት ካሰባችሁ መንገዱ ሌላ ነው። የእንግዳ ማረፊያ በዚህ የኪራይ አዋጅ አይታይም፤ የንግድ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

ተከራዩ ከመግባቱ በፊት ባዶዋን ክፍል በስልካችሁ አንሷት፦ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ቁልፉን፣ የቆጣሪውን ንባብ። ከዚያ አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት ላይ ሁለታችሁም ፈርሙና ፎቶዎቹን ለባለቤቷም ለተከራዩም በዚያው ቀን ላኩላቸው።