የኤክሴል ሠንጠረዥ ሲታረም የወርድ ሪፖርትም አብሮ እንዲታረም

የወር ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ድምሩን ከኤክሴል ገልብጦ ወርድ ላይ ሲለጥፍ፣ ቁጥሩ የዚያን ሰዓት ቁጥር ሆኖ ይቀራል፤ ሠንጠረዡ በማግሥቱ ቢታረም ሪፖርቱ አያውቅም። ሁለቱን ፕሮግራሞች በሊንክ ማገናኘት ይህን ችግር ይፈታል።

ዘዴው በዊንዶውስ ላይ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣው ዲዲኢ የተባለው ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ስልት፣ መረጃ ጠያቂው ፕሮግራም ሦስት ነገሮችን እንዲጠራ ይጠይቅ ነበር፤ እነርሱም የሰጪው ፕሮግራም ስም፣ አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉ ስም፣ እንዲሁም በፋይሉ ውስጥ የሚፈለገው ቦታ ናቸው። በኋላ ኦኤልኢ የተባለ ሌላ ስልት ቢተካውም ወርድ ዛሬ የሚጽፈው ሊንክ እነዚሁኑ ሦስቱን ይይዛል፤ ስለዚህ ሊንክ ሲበላሽ በቅድሚያ መመርመር ያለበት ከሦስቱ የትኛው እንደተለወጠ ነው።

ሊንኩ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ስለሚመዘግብ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የኤክሴሉን ፋይል ቦታው በማይቀያየር ፎልደር ውስጥ ሴቭ ማድረግ ይገባል። ቀጥሎ የሚፈለጉትን ሴሎች መርጠው ኮንትሮልና ሲን ይጫኑ፤ ወደ ወርድ ተሻግረው ኮንትሮል፣ ኦልትና ቪን በአንድነት ሲጫኑ በሚከፈተው መስኮት ፔስት ሊንክ የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ ሊንኩን መርጠው ኤፍ9ን ሲጫኑ አዲሱ ቁጥር ይመጣል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን እጅግ አደገኛው ስሕተት የሚፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው እላለሁ። ወርድ ቦታውን የመዘገበው በረድፍና በዓምድ ቁጥር ስለሆነ፣ የወርዱ ሰነድ ተዘግቶ ሳለ አንድ ሰው ከድምሩ በላይ አዲስ ረድፍ ቢጨምር ሊንኩ ድምሩን ትቶ በቀድሞው ቦታ ላይ ያለውን ሌላ ቁጥር ያመጣል። ምንም የስሕተት መልእክት ስለማይታይ የተሳሳተው ቁጥር ለኃላፊ እስኪቀርብ ድረስ ላይስተዋል ይችላል። መከላከያው ለሴሎቹ ስም መስጠት ነው፦ ኤክሴል ውስጥ ሴሎቹን መርጠው ከፎርሙላው መስመር በስተግራ ባለው የስም ሣጥን ውስጥ ክፍት ቦታ የሌለው ስም ይጻፉና ኢንተርን ይጫኑ፤ ፋይሉንም ሴቭ ያድርጉ። ከዚያ ወርድ ላይ ኦልትና ኤፍ9ን ሲጫኑ የሊንኩ ጽሑፍ ይገለጣል፤ የሉሁን ስም ጨምሮ የረድፉንና የዓምዱን አድራሻ አጥፍተው በምትኩ የሰጡትን ስም ያስገቡ፤ ኦልትና ኤፍ9ን ደግመው ተጭነው ሊንኩን ያድሱ። ስሙ ሴሎቹ በሉሁ ውስጥ በተንቀሳቀሱ ቁጥር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ሊንኩ ቦታውን አይስትም።

ሪፖርቱን በኢሜይል የሚልኩ ከሆነ ተቀባዩ የኤክሴሉ ፋይል ስለማይኖረው፣ በሰነዱ ቅጂ ላይ ሊንኩን ለመጨረሻ ጊዜ አድሰው ሠንጠረዡን ብቻ ይምረጡና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ9ን ይጫኑ፤ ሊንኩ ተቋርጦ ቁጥሩ ይቀራል። ሰነዱን በሙሉ መምረጥ አይገባም፤ የማውጫውን ሠንጠረዥ ጭምር ከመታደስ ያግደዋልና።

ከማያውቁት ሰው የመጣ ሰነድ ሲከፈት ወርድ ሊንኮች ይታደሱ ወይ ብሎ ከጠየቀ መልስዎ አይሆንም ይሁን። አጥቂዎች ጎጂ ትእዛዝ በዲዲኢ በኩል አሾልከው በማስገባታቸው ምክንያት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ማሻሻያ ዲዲኢን በወርድ ውስጥ ዘግቶታል።