የዴቢያን ማከማቻ ሲታደስ ፓኬጅ አልገነባ ካለ፦ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ላይ «ፓኬጅ አለቀብኝ» ካላችሁ ሰው የሚመስለው የስልክ ዳታ ነው። የእኛኛው ፓኬጅ፣ ማለትም ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ የሚጫነው የፕሮግራም ጥቅል፣ ደግሞ ያንኛውን ይበላዋል፤ ቢልዱ (ጥቅሉን ከኮዱ የመገንባቱ ሥራ) በወደቀ ቁጥር ሜጋባይት ይሄዳል። ስለዚህ ደግማችሁ ከመሞከራችሁ በፊት ሎጉን (የቢልዱን መዝገብ) ከላይ ጀምራችሁ የመጀመሪያውን ስህተት ፈልጉ። የመጨረሻው መስመር መውደቁን እንጂ ለምን እንደወደቀ አይነግራችሁም።

ምልክት፦ ቢልዱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች ከማከማቻው ሰርቨር ሲያወርድ 404 (ፋይሉ አልተገኘም) ይላል።
ማሽናችሁ ላይ ያለው የፓኬጆች ዝርዝር አርጅቷል፤ የሚጠራው ቅጂ በአዲስ ተተክቶ ከሰርቨሩ ተነስቷል። «አፕት አፕዴት» በሉ። ብዙ ሰው ዋናውን ሲስተም አድሶ ቢልዱ የሚሠራበትን ቸሩት (በዋናው ውስጥ ተነጥሎ ያለ ትንሽ ሲስተም) ይረሳዋል፤ እሱ የራሱ ዝርዝር አለው። ቸሩቱን በሚያዘጋጀው መሣሪያ በፒቢልደር የምትሠሩ «ፒቢልደር አፕዴት» ነው።

ምልክት፦ «የሪሊዝ ፋይሉ (ማከማቻው የታደሰበትን ቀንና ሰዓት የያዘው) ጊዜው ገና ነው» ይላል።
እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ይኼ ነው። ክረምት ላይ ፔዳ አካባቢ መብራት ሄዶ መጣ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ስለነበር አሮጌው ዴስክቶፕ ሰዓቱን ረስቶ ተነሳ። ቀኑን አስተካከልኩና፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስለነበር 03:00 ብዬ ሞላሁ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 09:00 መሆን ነበረበት። 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረሁ ማለት ነው። የዴቢያን ሲድ (ገና ያልተረጋጋው ቅጂ) ማከማቻ በቀን 4 ጊዜ ይታደሳል፤ ሌሊቱን የወጣው ፋይል ለእኔ ማሽን ገና ያልተወለደ ሆነ። ሰርቨሩን እየረገምኩ 3 ሚረር (የማከማቻው ግልባጭ ሰርቨር) ቀያየርኩ! የሰዓት ክልሉን አፍሪካ/አዲስ አበባ አድርጉ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ፍቀዱለት፣ ሳንቲም የምታክለውን ሲአር2032 ባትሪም ቀይሩ። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁማ ጉዱ የባሰ ነው።

ምልክት፦ ትናንት ይሠራ የነበረ የሲ ኮድ ዛሬ ይወድቃል።
ዴቢያን 13 በፈረንጆቹ 2025 ሲወጣ የሲ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ከ12 ወደ 14 ዘለለ። ጂሲሲ 14 ሳይታወጅ የተጠራን ፋንክሽን እንደ ድሮው በማስጠንቀቂያ አያልፍም፤ ስህተት ብሎ ያቆማል። ፋንክሽኑን የሚያውጀውን፣ የጎደለውን ሄደር ፋይል ጨምሩ። ስህተቱን በፍላግ (ለኮምፓይለሩ በሚሰጥ አማራጭ) ማፈን ይቻላል፣ እኔ ግን አልወደውም፤ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የሚመልሰው ፋንክሽን እንደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ተቆጥሮ በ64 ቢት ማሽን ላይ አድራሻው ግማሹ ይቆረጣል፣ ፕሮግራሙም ተጠቃሚው እጅ ላይ ይሞታል።

ምልክት፦ በ32 ቢት አርም ፕሮሰሰር ላይ «ሊብኤስኤስኤል3 (አንድ ላይብረሪ) የለም» ይላል።
ይኼም የሰዓት ጣጣ ነው። የ2038ን ችግር (የ32 ቢት የሰዓት ቆጣሪ በፈረንጆቹ 2038 ሞልቶ የሚበላሽበትን) ለመሻገር ዴቢያን 13 የብዙ ላይብረሪዎች ስም መጨረሻ ላይ «ቲ64» ጨመረ። የላይብረሪውን ስም የፓኬጁን ፍላጎቶች በሚዘረዝረው ኮንትሮል ፋይል ላይ በእጃችሁ ጽፋችሁት ከሆነ አውጡትና የሚያስፈልጉ ላይብረሪዎችን ራሱ የሚሞላው የ«ሽሊብስ ዲፔንድስ» ተለዋዋጭ እንዲሞላው ተዉለት፤ ከዚያ እንደገና ገንቡ።