ከአሮጌው ኮምፒውተር የሚፈልጉትን ኢሜይል ብቻ ወደ አዲሱ ማሻገር

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ያለ የትራንዚት ቢሮ ወይም ደሴ ፒያሳ ያለ አስመጪ ኮምፒውተር ሲቀይር፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ኢሜይል ሁሉ አያስፈልገውም። ፕሮፎርማው፣ የኤልሲው ደብዳቤ፣ ፓኪንግ ሊስቱና ከአቅራቢው ጋር የተጻጻፉት የዋጋ ስምምነት ካለ ሥራው ይሄዳል። ሁሉንም ጠቅልሎ መውሰድ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ማስታወቂያውም የተበላሸው ፋይልም አብሮ ይመጣል። የሚፈለገውን ለቅሞ ለብቻው በአንድ ፋይል ማጠራቀም ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ኢሜይሉ የት እንደተቀመጠ ይወቁ። አውትሉክ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም «ፋይል»፣ ከዚያ «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ ሲገቡ ከአድራሻው ጎን አይማፕ ወይም ፖፕ የሚል ያያሉ። አይማፕ ከሆነ ኢሜይሉ ሰርቨር ላይ ስላለ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አድራሻውን ሲያስገቡ ራሱ ይመጣል፤ ማዛወርም ላያስፈልግ ይችላል። ፖፕ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፖፕ ኢሜይሉን አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፣ ከሰርቨሩም እንደ አቀማመጡ ወዲያው ወይም ከቀናት በኋላ ይሰርዘዋል። በተለይ እርስዎ የላኩት ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያው አሮጌው ማሽን ላይ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የገባለትን ይዞ የላከውን ረስቶ ኮምፒውተሩን ፎርማት የሚያስደርገው እዚህ ላይ ነው።

አሮጌው አውትሉክ 2010 ከሆነና ጂሜይል «ፓስወርድ ተሳስቷል» እያለ ካስቸገረ፣ ፓስወርድ እየቀያየሩ አይድከሙ። ጉግል ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተራ ፓስወርድ ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን ከግል አካውንት አግዷል። ቀድሞ የወረደው ኢሜይል ግን እዚያው ዲስኩ ላይ አለ፤ ለማውጣት ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

በአውትሉክ

«ኒው አይተምስ»፣ «ሞር አይተምስ»፣ «አውትሉክ ዳታ ፋይል» ብለው አዲስ ፒኤስቲ (አውትሉክ ኢሜይል የሚያጠራቅምበት) ፋይል ይፍጠሩ። ስሙን በላቲን ፊደልና ባጭሩ ይስጡት፤ የአማርኛ ስም አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፋይሉ በግራ በኩል እንደ አዲስ የፖስታ ሣጥን ብቅ ይላል። በውስጡ ለየጉዳዩ ፎልደር ይክፈቱ፦ ለአቅራቢ፣ ለባንክ፣ ለጉምሩክ።

ከዚያ በመፈለጊያው ሣጥን የላኪውን አድራሻ ይጻፉ። የሚመጣው ውጤት ሙሉው ላይሆን ይችላል፤ አውትሉክ ለፍጥነት ሲል ዝርዝሩን ይቆርጠዋል። ከታች «ሞር» የሚል ካለ ይጫኑትና ሁሉም ሲወጣ በኮንትሮልና ኤ ይምረጡ። በግራ የማውዝ ቁልፍ ወደ አዲሱ ፎልደር ጎትተው ከለቀቁት ኢሜይሉ ከነበረበት ይነሳል። በቀኙ ቁልፍ ከጎተቱት ግን ሲለቁት «ኮፒ» እና «ሙቭ» የሚል ምርጫ ያመጣል፤ «ኮፒ» ይበሉ። ዋናው ቦታው ላይ እስካለ ድረስ መሐል ላይ መብራት ቢሄድም አብሽሩ፣ እንደገና መጀመር ነው። ለማንኛውም ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ ይህን ሥራ አይጀምሩ። ፒኤስቲ እየተጻፈበት ኃይል ከተቋረጠ ይበላሽና ስካንፒኤስቲ በሚባለው የአውትሉክ መጠገኛ ማስተካከል ይጠይቃል።

ሲጨርሱ አዲሱን ፋይል በራይት ክሊክ «ክሎዝ» ይበሉት፣ አውትሉክንም ይዝጉት። ክፍት እያለ ኮፒ ማድረግ አይፈቅድም።

በተንደርበርድ

ኢሜይልዎን የሚከፍቱት ተንደርበርድ በሚባለው ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም ከሆነ አሠራሩ ይቀላል። «ሎካል ፎልደርስ» ስር አዲስ ፎልደር ፈጥረው፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍን አብረው በመጫን በላኪ ወይም በቀን ይፈልጉ፤ የመረጡትን በራይት ክሊክ «ኮፒ ቱ» ብለው ወደዚያ ይላኩ። አይማፕ ከሆነ የደብዳቤው ሙሉ አካል በዚህ ሰዓት ስለሚወርድ፣ አባሪ የበዛበትን ኔትወርክ ሲያርፍ ማታ ላይ ቢያደርጉት ጥሩ ነው። ከፎልደሩ ውስጥ የሰረዙት ነገር ካለ በራይት ክሊክ «ኮምፓክት» ያድርጉ፤ ካልሆነ የተሰረዘው ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

ከዚያ «ሄልፕ»፣ «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» ገብተው የፕሮፋይሉን ፎልደር ይክፈቱና ተንደርበርድን ይዝጉ። «ሜይል»፣ ቀጥሎ «ሎካል ፎልደርስ» ውስጥ የፎልደርዎን ስም የያዘ፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ የሌለው ፋይል አለ። የሚወስዱት እሱን ነው። በስሙ መጨረሻ ኤምኤስኤፍ የሚለው ማውጫ ብቻ ስለሆነ ይተዉት፤ አዲሱ ማሽን ራሱ ይሠራዋል። እዚያም ተንደርበርድ ተዘግቶ ሳለ በዚሁ ቦታ ያስቀምጡትና ይክፈቱ።

ከአውትሉክ ወደ ተንደርበርድ የሚሻገር ሰው ደግሞ በጂሜይል ድልድይነት መሄድ ይችላል፤ አሮጌው ማሽን ጂሜይሉን በአይማፕ የሚከፍት ከሆነ ማለት ነው። በአውትሉኩ ጂሜይል ውስጥ አዲስ ፎልደር ፈጥሮ ኢሜይሎቹን ወደዚያ ኮፒ ማድረግ፣ በአዲሱ ላይ አድራሻውን ከፍቶ ማውረድ ነው። ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን ከድራይቭና ከፎቶ ጋር የሚካፈሉት ነው፤ የኢንተርኔት ሂሳቡንም አይርሱ።

ፍላሹ

ፋይሉን ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ለመውሰድ ፎቶ ኮፒ ቤት ለቤት ሲዞር የከረመ ፍላሽ አይጠቀሙ። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ቫይረስ አለበት፤ ደብል ክሊክ ሳያደርጉ አውጥተው በአንቲቫይረስ ያስፈትሹት። ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሆኖ «ትልቅ ነው» ካለዎት፣ ፍላሹ ላይ ቦታ ስለሌለ ሳይሆን በፋት32 ስለተሠራ ነው። በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት፤ ግን ፎርማት ሲደረግ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

አሮጌው ደሴ፣ አዲሱ ኮምቦልቻ ከሆነ የሐረጎን ቁልቁለት ከመውረድዎ በፊት ፍላሹን ነቅለው መልሰው ይሰኩና የፋይሉን መጠን ከዋናው ጋር ያስተያዩ። «ኢጀክት» ሳይባል የተነቀለ ፍላሽ ስሙ ያለ ግን ውስጡ የጎደለ ፋይል ይዞ ይሄዳል።

አዲሱ ላይ ፒኤስቲውን ከፍላሹ ላይ እንዳለ አይክፈቱ። መጀመሪያ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ከዋንድራይቭ (ከማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ውጭ ባለ ፎልደር ያስቀምጡና «ፋይል»፣ «ኦፕን ኤንድ ኤክስፖርት»፣ «ኦፕን አውትሉክ ዳታ ፋይል» ይበሉ። ከዊንዶውስ 11 ጋር የሚመጣው አዲሱ አውትሉክ በፒኤስቲ ላይ ደካማ ስለሆነ ክላሲክ የሚባለውን የቀድሞውን አውትሉክ ያስጭኑ። ከየፎልደሩ በጣም የቆየውንና አባሪ ያለውን አንድ አንድ ይክፈቱ፤ አባሪው ፒዲኤፍ ከሆነ እስከ መጨረሻ ገጹ ይዩት።

ፖፕ የሚጠቀሙ ከሆነ አድራሻውን አዲሱ ላይ ከማስገባትዎ በፊት አሮጌው ላይ ኢሜይል መቀበሉን ያቁሙት። ሁለቱ አብረው ከሠሩ ገሚሱ ኢሜይል እዚህ፣ ገሚሱ እዚያ ይወርዳል፤ በወሩ መጨረሻ ደረሰኝ ሲፈለግ ሁለቱንም ማሽን መፈተሽ ይመጣል።